ፋሻው የማይፈታበት ቤት

ሦስቱም ልጆቼ የወጡት በአንድ መንገድ ነው፤ ከእምብርቴ በታች ቁልቁል በተቀደደ ቦታ። የመጀመሪያው ስፌት ሲድን ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ልጄን ሲያወጡ እዚያው መስመር ላይ ቀደው እዚያው ላይ ሰፉኝ፤ ትንሽ ወፈር አለ እንጂ ክፉ አልነበረም። ዛሬ ሶደሬ ፍል ውሃ ስገባ ሴቶች ሰረቅ አድርገው የሚያዩት ጠባሳ ግን ሌላ ነው። መሀሉ ሁለት ጣት ያህል ይሰፋል፣ ያብረቀርቃል፣ ዳርና ዳሩ ተጨማዷል። ደፈር ያለችው "ምን ዓይነት ጅል ሐኪም ነው እንዲህ ያደረገሽ?" ብላ ትጠይቀኛለች። ሐኪሙ ምንም አላጠፋም። ሆዴን እንዲህ ያበላሹት መቀስና መርፌ በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ባሌና እናቱ ናቸው። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ታሪኩ የሚያስቅ ቦታ አለው፣ ሳቁ ከመጣባችሁ አትፈሩ፣ እኔም እስቃለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። እኔ ብዙነሽ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ ነበርኩ። ስኳርና ሳሙና የምትመዝን ሴት በዚያ ዘመን ወዳጅ አታጣም፤ መንገድ ላይ ስሄድ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ብዛቱ ለጳጳስ ይበቃ ነበር። ምላሴም ከያን ጊዜ ጀምሮ ስለታም ነው። ከባሌ ፊት ስቀርብ ግን፣ እንጃ፣ ይዶለዱም ነበር።

ባሌ ጓድ ተሾመ ይባላል። ቤት ውስጥም "ጓድ" ብዬ ብጠራው ደስ የሚለው ሰው ነው። ሥራው ካድሬነት ሲሆን በላንድሮቨር ወደ መቂና ወደ ዓለም ጤና እየወረደ ገበሬውን ያደራጃል፣ ያነቃል። ዋናው ትምህርቱ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ነበር። በቀበሌው አዳራሽ ቆሞ "ቡዳ የለም! ምች የለም! ሽታ መታኝ የሚባል በሽታ የለም! ይህ ሁሉ የባላባት ሥርዓት ያወረሰን ድንቁርና ነው!" ሲል ከፊት ተቀምጬ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ድምፁ ያምር ነበር። ያለ ድምፁ ምንም ያልነበረው ሰው መሆኑን ለማወቅ ሦስት ልጅ መውለድ አስፈለገኝ።

እናቱ እማማ የሺ ከእኛ ጋር ነበሩ የሚኖሩት። ከቡልጋ ከመጡ ቆይተዋል፤ ናዝሬት ግን ገና አልገባቻቸውም፣ ሙቀቷንም ሰውዋንም ይንቃሉ። ከሁሉ በላይ የሚንቁት እኔን ነው። ምክንያቱም አምጬ አልወለድኩም። "የእኔ ልጅ ሚስት የምትወልደው በቢላዋ ነው" ይሉ ነበር ለእንግዳ፣ እኔ እየሰማሁ። ልጃቸው ደግሞ በእናቱ ላይ የራሱን ጨመረበት። ከሁለተኛው ወሊድ በኋላ አንድ ምሽት ሆዴን አየና "እንደ ጆንያ ነው የሰፉሽ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ልብሴን ሳወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ልማዱ ሆነ። ጠባሳዬን የማያየው ሰው በጠባሳዬ በኩል የተወለዱትን ልጆች ግን "የእኔ ወንዶች" እያለ በየስብሰባው ያወራ ነበር።

ሦስተኛዋን፣ ሴቷን፣ የወለድኩት በበጋው ሙቀት ነው። ቀድሞ በተቀደደ ሆድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መቀደድ ቀላል አይደለም፤ ኩባዊው ሐኪም ብዙ ደከመ። ከሆስፒታል ስወጣ ባሌን በር ላይ ያዘውና በተሰባበረች አማርኛው እንዲህ አለው።

"ይሄ ፋሻ፣ ክፈት። እጠብ። አዲስ አድርግ። እዚህ አምጣ፣ ሲስተር ትሠራለች። ሙቀት ከመጣ፣ ሽታ ከመጣ፣ ሩጥ። ሦስተኛ ኦፕራሲዮን ነው። ቀልድ የለም።"

"ተቀብለናል፣ ጓድ ዶክተር!" አለ ባሌ ደረቱን ነፍቶ። የአቋም መግለጫ የሚቀበል ይመስል ነበር። በማግስቱ ወደ ዓለም ጤና ለቅስቀሳ ወረደ።

ቤት ስገባ እማማ የሺ ክፍሉን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። መስኮቱ በካርቶን ተከድኗል፣ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል። አልጋው ላይ እንደወጣሁ ጤና አዳም በጥጥ ጠቅልለው በሁለቱም የአፍንጫዬ ቀዳዳ ከተቱልኝ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ የቁስለኛ ጠላት ሽታ ነው ይባላል። ሽቶ የተቀባ ሰው፣ ይልቁንም ከወንድ ወይም ከሴት ጋር ተኝቶ ንጹሕ ሳይሆን የመጣ ሰው ቁስለኛ ጋ ከገባ፣ ቁስሉን ሽታ ይመታዋል። ይመግላል፣ ያመረቅዛል፣ ይገድላል። እኔም ያኔ አላምንም ነበር አልልም። አዳራሽ ውስጥ ባጨበጭብም ጥጡን ግን ዝም ብዬ ተወተፍኩ። እንደ ጉንፋናም በአፌ እየተነፈስኩ ልጄን አጠባሁ።

እማማ የሺ በርጩማቸውን በራፍ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጠያቂ ሲመጣ ይመረመራል። እኔ ተኝቼ ሁሉንም እሰማለሁ።

"ባልሽ ትናንት ቤት አድሯል?"

"አድሯል፣ እማማ፤ ግን ሰክሮ ነው የመጣው።"

"እንግዲያማ ግቢ።"

የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ሽቶዋ ከአጥር ውጭ ሳለች ነበር ቀድሟት የገባው። እማማ የሺ በሳሙና አንገቷን አስታጠቧትና ነጠላዋን አጥር ላይ አስሰቅለው አስገቧት። በየመድረኩ ስለ ሴቶች ነፃነት የምትጮኸው እሷ ናት፤ አንገቷ እየተንጠባጠበ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ "ሽታውን መጠንቀቅ ደግ ነው" አለችኝ። ስኳር መቼ እንደሚመጣም ጠየቀችኝና ሄደች።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ብዙም አያስቅም።

ፋሻው አልተፈታም። "ሆስፒታል የምሄድበት ቀን ደርሷል" ስላቸው እማማ የሺ አማተቡ።

"ትኩስ ቁስል ይዘሽ መንገድ? ስንቱ ርኩስ በሚተላለፍበት? ቁስል የሚሞተው ሲከፈት ነው፣ አንቺ።"

"እማማ፣ ሐኪሙ ይከፈት፣ ይታጠብ ብሏል እኮ።"

"ሐኪሙ ኩባ ነው። ኩባ አገር ሽታ የለ ይሆናል።"

ፕላስተሩ በላብ ሲላቀቅ አሮጌ ነጠላ ቀደው በላዩ አሰሩበት። እሱ በቢጫ ፈሳሽ ሲርስ ሌላ ቅዳጅ ደገሙበት። በመጨረሻ "ሆድሽ ዘርፍጦ እንዳይቀር" ብለው ከሁሉም በላይ መቀነት ጠምጥመው አጥብቀው ቋጠሩት። በናዝሬት በጋ፣ በተዘጋ ክፍል፣ አዲስ ስፌት ላይ! ላቡ ከውስጥ ይፈላል። ስነካው ይግላል። ልጄን ሳጠባ እግሯ ከነካኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የምችለው።

ባሌ ከዓለም ጤና ተመለሰ። ላንድሮቨሩ ከበር ሲቆም ሰማሁ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስወረደ። ከዚያ እስከ ክፍሌ ደፍ መጣና ቆመ። ደፉን አልተሻገረም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ከውጭ ሆኖ ያየኛል።

"እንዴት ነሽ?"

"ግባና ልጅህን እያት እንጂ።"

"ልብሴ አቧራ ነው። ሕፃን ነች።"

"ቁስሉ እያቃጠለኝ ነው፣ ተሾመ። ሆስፒታል ውሰደኝ።"

"እናቴ ምን ትላለች?"

"እናትህ ሐኪም ናት?"

"የሴቶች ጉዳይ ላይ ልምድ አላት። የአውራጃ ስብሰባ አለብኝ፤ እሱን ልጨርስና እናየዋለን።"

በማግስቱም እዚያው ደፍ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ታጥቦ ሸሚዙን ቀይሮ ሲመጣ እንኳ አቧራው አልለቀቀውም። እኔ ጅሏ ደግሞ ለእኔና ለልጁ ተጠንቅቆ ነው እያልኩ በልቤ አመሰግነው ነበር። ለሰው ንቀት ማብዛት ኃጢአት ነው ይላሉ፤ እኔ የሚቆጨኝ ሳልንቀው ያባከንኩት ዘመን ነው።

ትኩሳቱ ሲጀምረኝ እንቀጠቀጣለሁ፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እማማ የሺ አንዴ አዩኝና የመጣላቸው ሐሳብ ሐኪም አልነበረም። "ሽታ መቷታል" አሉ። ሽታ ከመታኝ ደግሞ ያስገባ ሰው አለ። ስለዚህ ሐኪም ከመፈለግ ይልቅ ወንጀለኛ መፈለግ ጀመሩ። የጠየቁኝን ሴቶች ሁሉ በአእምሯቸው እየደረደሩ አንድ በአንድ ሲያበጥሩ ዋሉና በመጨረሻ አደ ጫልቱ ላይ ቆሙ።

አደ ጫልቱ ጎረቤታችን ናት። ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ደረቷ ሰፊ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ነበረች። ስሞታው ሲደርሳት ቀጥ ብላ መጣች። ሁለቱ ከክፍሌ በር ውጭ ሲጋጠሙ ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች፤ ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"ዬሺ! እኔ ነኝ አሉ ብዙነሽን የገደልኳት?"

"ገደልሽ አላልኩም። ንጹሕ ሳትሆኚ ገባሽ ነው ያልኩ።"

"ከማን ጋር ተኝቼ? ባሌ ከሞተ ስንት ክረምት አለፈ! ከአህያዬ ጋር ተኛሽ በይኛ!"

"እኔ እንግዲህ ምን አውቃለሁ። የገባ ሰው አለ። ባይገባ ቁስሉ አይመግልም።"

"ሰውን ሁሉ በር ላይ ስትመረምሪ ልጅሽንስ መርምረሻል? ሹፌሩ፣ ልጅሽ ዓለም ጤና የት እንደሚያድር ለገበያው ሁሉ አውርቷል። እሱ ነው ያስገባው እንጂ እኔ አይደለሁም!"

እማማ የሺ ተቆጡ። ልጃቸው ተነካባቸው፣ ንጽሕናው ሊመሰከርለት ይገባል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ።

"በልጄ እንዳትመጪ! እሱ መች ገባ? ከዓለም ጤና በመጣ ቁጥር ደፉን እንዳትረግጥ፣ ነፍስ ነው ብዬ በማርያም አስምዬዋለሁ! አንድ ቀን አልገባም! ጠይቂያት፣ እዚያው ውስጥ ናት!"

ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። አደ ጫልቱ ዝም ያለችው ስለገባት ነው። እማማ የሺ ዝም ያሉት ግን፣ እምላለሁ፣ ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ነበር።

እኔ ከአልጋዬ ላይ ጣሪያውን አየሁ። ሌላ ሴት እንዳለችው መስማት እንደሚያም አውቃለሁ፤ አመመኝም። ግን ከዚያ ይልቅ የገረመኝ ሌላው ነው። እናት ታውቃለች። ልጅ ያውቃል። ሁለቱ ተማምለው አልጋ ላይ ካለሁት ከእኔ የእሱን ርኩሰት አርቀው፣ ግዴታቸውን እንደተወጡ ቆጥረው፣ በሰላም ምሳቸውን ይበላሉ። እኔ ደግሞ መቀነት ታጥቄ እበሰብሳለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጓድ ተሾመ መጣ። እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ቆመ። በሁለት ክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩ።

"ግባ" አልኩት።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ ቀልቷል።"

"ግባና እጅህን ግንባሬ ላይ አድርግ። ትኩሳቴን እየው።"

"ከዚህ ይታየኛል።"

"ከዓለም ጤና በመጣህ ቁጥር እንዳትገባ እናትህ አስምለውሃል። ሰምቻለሁ።"

ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። ከዚያ ወዲያው፣ መብራት ሲመጣ እንደሚበራ አምፖል፣ የአዳራሹ ድምፅ መጣለት።

"ብዙነሽ፣ ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው። ሽታ የሚባል ነገር በሳይንስ የለም። የአሉባልታ ሰለባ አትሁኚ።"

"የለም?"

"የለም።"

"ከሌለ ግባ።"

ደፉን ቁልቁል አየ።

"አንድ እርምጃ ነው፣ ጓድ። በሺህ ሕዝብ ፊት የለም ያልከው ነገር ነው። ወይ የለም በልና ግባ፣ ወይ አለ በልና የት እንዳደርክ ንገረኝ።"

እናቱ ከኋላው መጥተው ቆመዋል። ቀኝ እግሩን አነሣ። አይቼዋለሁ፤ ጥቁር ጫማው ከደፉ በላይ አየር ላይ ቆየ። "ተው ልጄ፣ ነፍስ ነው!" አሉ እናቱ። እግሩን መለሰው። ዘመኑን ሙሉ የሕዝብን አጉል እምነት ሲሰብር የኖረው ሰው በራሱ ቤት አንዲት የእንጨት ደፍ አላሻግር አለችው።

ያኔ ሳቄ መጣ። ሆዴን ወግቶ ያዘኝ፣ እያመመኝ ሳቅሁ። ስስቅ ትንፋሽ አጠረኝና ጥጡን ከአፍንጫዬ መዝዤ ጣልኩት። አየሩ ገባ፤ አብሮም ሽታው። እንዲህ ያለ ሽታ ዘመኔን አሽትቼ አላውቅም። የሞተ ነገር ሽታ ነው። ቤቱን ሞልቶታል፣ አንሶላውን፣ ልጄ የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ሳይቀር። ከዓለም ጤና የመጣ አልነበረም፣ ከጫልቱም የመጣ አልነበረም። ከመቀነቱ ሥር፣ ከእኔ ከራሴ ነው የሚወጣው። እነሱ አፍንጫቸው ክፍት ነው። ስንት ቀን ሙሉ ሲሸታቸው ኖሯል! ሸቷቸው፣ አውቀው፣ በር ላይ ቆመው የውጭ ሽታ ይጠብቃሉ።

"ሆስፒታል" አልኩ። "አሁን። በላንድሮቨሩ።"

"የመንግሥት ንብረት ነው" አለ ጓድ ተሾመ።

ጆንያ ሽንኩርት የሚጫንበት የመንግሥት ንብረት! ከዚያ በኋላ ለእሱ የተናገርኩት ቃል የለም። "አደ ጫልቱ!" ብዬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ተጣራሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሰምታኝ መጣች፤ ተሾመን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ደፉን ተሻግራ ገባች።

"ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽብኝ?" አለች። ከዚያ ሸተታት። "ዋቃዮ!" ብላ አፏን ያዘች። አንድ ቃል ሳትጨምር ልጄን በጀርባዬ ማዘሉ እንደማይሆን አይታ በራሷ ጀርባ አዘለቻት፣ እኔን በብብቴ ደግፋ አነሣችኝ። እማማ የሺ "ርኩስ በሞላበት መንገድ!" እያሉ ይጮኻሉ። ባሌ ለማሳለፍ ወደ ጎን ገለል አለ። ገለል ሲል እንኳ ልብሱ እንዳይነካኝ ሰበሰበው።

በጋሪ ሄድን። ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ፈረሱ ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር የጫልቱን ክንድ እየነከስኩ ብሄድም፣ ልጄ አንድ እንቅልፍ ሳትጨርስ ደረስን።

ሲስተሯ ደግ ሴት አልነበረችም። መቀነቱን በመቀስ ስትቆርጥ መሳደብ ጀመረች፤ ቅዳጁ ጨርቅ ከሥሩ ሌላ ቅዳጅ፣ ከሥሩ ሌላ እያወጣ በመጣ ቁጥር ስድቧ ጨመረ። "ይሄ ምንድን ነው? የቁስል ፋሻ ነው የሬሳ መግነዝ? አንቺ ደግሞ አፍ የለሽም? እግር የለሽም? እንስሳ እንኳ ቁስሉን ይልሳል!" የመጨረሻዋ የሆስፒታሉ ጎዝ፣ ያቺ ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ከሥጋዬ ጋር ተጣብቃ ነበር። በጨው ውሃ እያራሰች ላጠቻት። መግሉ ሲወርድ ድምፅዋ ጠፋ። አለመስደቧ ከስድቧ በላይ አስፈራኝ።

ኩባዊው ሐኪም መጥቶ አየ። ስፌቱ ከመሀል በስብሶ ተለያይቷል። የቀሩትን ክሮች ቆርጦ አወጣ፣ የሞተውን ሥጋ ጠረገ፣ ክፍቱን ተወው። ዳግም አይሰፋም፤ ከሥር ወደ ላይ ራሱ እየሞላ ይድናል፣ በየቀኑ እየታጠበ ጎዝ እየተጠቀጠቀበት። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ መግሉ ወደ ውስጥ ገብቶ እሞት እንደነበር ሲስተሯ በአማርኛ አስረዳችኝ፤ ስትነግረኝ አላለሳለሰችውም።

ሐኪሙ በንዴት ዙሪያውን አየ። "ባል! ባል የት አለ?"

"በር ላይ" አልኩት።

ወጥቶ ኮሪደሩን ፈለገ። ማንንም አላገኘም።

እዚያ ብዙ ተኛሁ። ጎዙ በየቀኑ ሲወጣ ሥጋ ይዞ የሚወጣ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ዓይኔን እጨፍን ነበር። በኋላ ግን ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ። ሮዝ ሥጋ ከሥር ሲነሣ፣ ሲደማ፣ ሲሞላ፣ ከዳር ቆዳ ሲመጣበት አየሁ። ክፍሉ ውስጥ የሌሎች ሕመምተኞች ባሎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ማን የት አድሮ እንደመጣ የጠየቀ የለም። ሽቶ የተቀቡ ነርሶችም ነበሩ። ቁስሌ ለማንም ሳይደነግጥ ዳነ።

ከሆስፒታል ስወጣ ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። ወንዶቹን ልጆቼን ወስጄ ጫልቱ ጓሮ ባለችው ክፍል ገባሁ፤ በኋላ ቀበሌው ቤት ሰጠኝ። ስኳር መዛኝነት አንድ ጊዜ እንኳ ለቁም ነገር ጠቀመኝ።

አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። ትዳሬ ተለወጠ፤ እሱን አያችሁ። ሌላው ደግሞ፣ አራስ ጥየቃ ስሄድ ጨዋ መሆኔ ቀረ። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ዘንድ ከገባሁ ገንፎውን ሳልቀምስ "ፋሻሽ መቼ ተፈታ?" እላለሁ። አማቶች ይጠሉኛል። አንዷ ሻሸመኔ ላይ ከቤቷ አስወጥታኛለች፤ ምራቷን ግን ሆስፒታል ካላስወሰድኩ አልሄድም ብዬ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩባት፣ ተወሰደችም። ዛሬም ጥጥ የሚወትፉ አሉ። ይወትፉ፣ ጥጥ ማንንም አልገደለም። የገደለው ጥጡን ወትፎ ፋሻውን አለመፍታት ነው። ስለ ጠባሳው የሚያጽናኑኝም አሉ፤ "የእናትነት ጌጥሽ ነው" ይሉኛል። ጌጥ አይደለም። አስቀያሚ ነው፣ ሲበርድ ያሳክከኛል፣ ሲሞቅ ይጎትተኛል። የማንም ስንፍና ጌጥ ተብሎ እንዲጠራልኝ አልፈልግም።

የምነግራችሁ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጓድ ተሾመ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች መጡ፣ እሱም አብሮ መጣ። የሚገርማችሁ አዲሱን ቤቴን ደፍ አንዴም ሳያስብ ተሻግሮ ገብቶ ተቀመጠ። ቁስሉ ድኗላ።

ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። "ልጄ ብዙነሽ፣ ወንድ ልጅ ይሳሳታል። ሴት ይዞ ነበር፤ ትቷታል። እኛም ገሥጸነዋል።"

"አባቴ፣ ሴት መያዙን አልከሰስኩም" አልኳቸው። "ለሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ከተማ ያገባ ሰው አይገኝበትም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ጠላሽው? አልገባም ያለው እኮ ለአንቺው ነፍስ ብሎ ነው። ይጎዳታል ብሎ አምኖ ነው። እምነቱ ስህተት ቢሆን ልቡ ደግ ነው።"

"ይሁን፣ አባቴ፤ ለነፍሴ ብሎ አልገባም እንበል። ሐኪም ለመጥራት ግን መግባት አያስፈልገውም ነበር። እሱ የቆመው ውጭ ነው። መንገዱ ያለው ውጭ ነው፣ መኪናው የቆመው ውጭ ነው። እየሸተትኩት ቆሞ ያየኝ ነበር።"

ሽማግሌው ወደ ተሾመ ዞሩ። "እውነት ነው? ሐኪም አልጠራህም?"

"እናቴ ይድናል ብላኝ ነበር" አለ፣ የሁለት ወንዶችና የአንዲት ሴት አባት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታላቁ ከዘራቸውን አነሡና የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። "ልጄ፣ ለዚህ ነገር መምጣት አልነበረብንም፣ ይቅር በይን" ብለው ወጡ። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ተሾመ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ወደ ኋላ ቀረ። ደግ መምሰል ሲያምረው የሚያወጣትን ለስላሳ ድምፅ አወጣ።

"ለመሆኑ… ቁስሉ እንዴት ሆነ? ጠባሳው ብዙ ነው?"

"አታየውም" አልኩት።

እስከ ዛሬ አላየውም።